የማን ስም ይመዝገብ? ሴቶች፣ ስደትና የስደተኞች ሕግ



ርእሴ የፌሚኒስት አስተሳሰብ በስደተኞች ሕግ ላይ ያነሣቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከእነዚህ ጥያቄዎች በብዛት የተጻፈበት «ስደተኛ ማን ነው?» የሚለው ትርጓሜ ነው፤ ስለ እርሱ እናገራለሁ። ከዚያ ግን ወደ ሌላ ስፍራ፣ ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ልወስዳችሁ አስባለሁ። በእኛ አገር የሴቲቱ ዕጣ የሚወሰነው ከትርጓሜው ይልቅ በዚያ ይመስለኛልና።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ስደት» ሰፊ ቃል ነው። «ሰደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ መባረርን ያስታውሳል፤ ይሁን እንጂ በዕለት ተዕለት ንግግራችን ከጦርነት የሸሸውንም፣ በፖለቲካ አቋሙ የተሳደደውንም፣ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረውንም በአንድነት «ስደተኛ» እንላለን። ዓለም አቀፉ ሕግ ግን እነዚህን ሰዎች አጥብቆ ይለያል፤ ለአንዱ ከለላ ይሰጣል፣ ሌላውን ወደ መጣበት ይመልሳል። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር መሆኑን ሰምታ ከቤቷ የጠፋች፣ ቆይታም በደላላ በኩል ወደ ዐረብ አገር ተሻግራ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ ከሁለቱ የትኛዋ ናት? ያሸሻት ነገር ለስደተኝነት ያበቃት ይሆናል፤ ቪዛዋ ግን ሠራተኛ ይላታል፤ እርሱም ቢሆን ከአሠሪዋ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን የተመለሱባት ሳዑዲ ዐረቢያ የስደተኞች ኮንቬንሽን አባል አይደለችም። የሸሹበትን ምክንያት ከእንጀራ ፍለጋቸው ለይቶ የሚመረምር የሕግ ግዴታ አልነበረባትም።

በባህላችን የስደተኛ ሥዕል የሴት ሥዕል ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የሚታሰበው እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። በእስልምና ታሪክ ደግሞ የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ ሐበሻ ምድር ነበር። ከመካ የሸሹትን ሰዎች ለማስመለስ ቁረይሾች መልእክተኞችን ከእጅ መንሻ ጋር ወደ ነጃሺ ሲልኩ፣ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ መለሰ። ለሕግ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት የለም፤ አስቀድሞ ማድመጥ፣ ለአሳዳጅም አለመመለስ። ስለዚያ ችሎት ስንነጋገር ሁላችንም የምናስታውሰው ስደተኞቹን ወክሎ የተናገረውን ጃዕፈርን ነው። ነገር ግን በኢብን ኢስሐቅ ዘገባ የችሎቱ ታሪክ የተላለፈው ከስደተኞቹ አንዷ ከነበረችው ከኡሙ ሰለማ ነው። ወንዱ ተናገረ፤ የተባለውን ሁሉ ይዛ ለትውልድ ያቆየችው ሴቲቱ ናት። ይህን አቀማመጥ፣ ማለትም ስለ ሁሉም የሚናገር አንድ ወንድና ሁሉን የምታውቅ ሴት፣ አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊው ሕግ የተነሣው ከሌላ ሥዕል ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1951 የ26 አገሮች ልዑካን ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ኮንቬንሽኑን አንቀጽ በአንቀጽ ሲመረምሩ፣ የዩጎዝላቪያ ልዑክ አድልዎን በሚከለክለው አንቀጽ ውስጥ «ጾታ» የሚል ቃል እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። የወንድና የሴት እኩልነት የየአገሩ የውስጥ ሕግ ጉዳይ ነው የሚል መልስ ከልዑካኑ መጣ። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ቫን ሄቨን ጉድሃርትም በጾታ ምክንያት የሚሳደድ ሰው ሊኖር መቻሉን አጥብቀው እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። ቃሉ ሳይገባ ቀረ። ኮንቬንሽኑ የጸደቀው አምስት ምክንያቶችን ይዞ ነው፤ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት፣ የፖለቲካ አመለካከት። ከአምስቱ አራተኛው በስዊድን ልዑክ ሐሳብ የተጨመረ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነም በጉባኤው ብዙ አልተብራራም። የዚህ ያልተብራራ ሐረግ መኖር ከአርባ ዓመት በኋላ ለሴቶች በር ይሆናል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

በዚያ አዳራሽ የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከዐይናቸው ፊት የነበረው ስደተኛ መንግሥቱን ተቃውሞ የጻፈ፣ በአደባባይ የተናገረ፣ የታሰረና ድንበር የተሻገረ ወንድ ነበር። ተዋጊ በቤቷ የሸሸገች፣ ስንቅ ያቀበለች፣ ባሏ የት እንዳለ አልናገርም በማለቷ የተደፈረች ሴት በዚህ ሥዕል ውስጥ አትታይም። ያደረገችው ነገር «የቤት ሥራ»፣ የደረሰባት ደግሞ «የግል ጉዳት» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዶሪን ኢንድራና ጃክሊን ግሬትባች፣ በኋላም ሔቨን ክራውሊ የጻፉት በዚህ ላይ ነው፤ ፖለቲካ የሚባለውና የማይባለው የተለየው በወንድ ሕይወት ልክ ነው የሚል።

መፍትሔው ምን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት መንገዶች ታይተዋል። አንደኛው ጾታን ስድስተኛ ምክንያት አድርጎ መጨመር ነው። ሁለተኛው ያሉትን አምስቱን በሴቶች ሕይወት ብርሃን እንደገና ማንበብ ነው። ሕጉ የሄደው በሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የከፍተኛ ኮሚሽነሩ ፕሮግራም ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ የማኅበረሰባቸውን ወግ በመተላለፋቸው ጭካኔ የተሞላበት አያያዝ የሚጠብቃቸውን ሴቶች አገሮች እንደ «ማኅበራዊ ቡድን» ሊቆጥሯቸው እንደሚችሉ ገለጸ። «ይችላሉ» ነው ያለው፤ «ይገባቸዋል» አላለም። ካናዳ በ1993 መመሪያ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ከፍተኛ ኮሚሽኑ ራሱ በ2002 ዝርዝር መመሪያ አወጣ። እኔም ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ከመርሕ ይልቅ ፍርሃት ነው። ኮንቬንሽኑ ዛሬ ለድርድር ቢከፈት አንድ ቃል አስገብተን ብዙ አንቀጽ አጥተን እንወጣለን ብዬ እሠጋለሁ።

አዲሱ ንባብ ምን እንደሚመስል ለማየት ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያነቡት የማዝዘው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የተሰጠው ነው። ሁለት ፓኪስታናውያት በባሎቻቸው ከቤት ተባርረው፣ በዝሙት ተወንጅለው እንግሊዝ ላይ ጥገኝነት ጠየቁ። የመንግሥት ጠበቆች ባል ሚስቱን ቢደበድብ የቤተሰብ ጠብ ነው ብለው ተከራከሩ። ሎርድ ሆፍማን ሲመልሱ አንድ ምሳሌ ሰጡ። በናዚ ጀርመን አንድ አይሁዳዊ ነጋዴ ሱቁን የአካባቢው ተፎካካሪዎቹ ሰበሩበት እንበል። ሰባሪዎቹን ያነሣሣቸው የገበያ ቅናት ነው። ነገር ግን እንዲህ ለማድረግ የደፈሩት ፖሊስ አይሁዳዊን እንደማይጠብቅ ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ሰውየው የተሳደደው በዘሩ ነው። የባልም ዱላ እንደዚሁ ነው፤ ባል በግል ቂም ይመታል፣ መንግሥት ግን ሴት ስለሆነች አይከላከልላትም። ማሳደድ ማለት ከባድ ጉዳትና የመንግሥት ጥበቃ መጉደል ሲደመሩ ነው የሚለው ቀመር በዚህ ፍርድ ሥር ሰደደ። እኔ በበኩሌ በዚህ የሕግ ዘርፍ ከዚህ የጠራ አመክንዮ አላነበብኩም።

ሁሉም ፍርድ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሦስተኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት ኢራናዊት ጉዳይ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ፌሚኒስትነት የፖለቲካ አመለካከት ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ፤ ታላቅ እርምጃ ነበር። አቤቱታዋን ግን ውድቅ አደረገው። ቻዶር ላለመልበስ የእስራትና የግርፋት ቅጣት እቀበላለሁ እንዳላለች፣ አለመልበሷም ለእርሷ እስከዚያ ድረስ የኅሊና ጉዳይ መሆኑን እንዳላሳየች ተናገረ። እንግዲህ አስቡት። ወንዱ ተቃዋሚ ዝም ብሎ ቢኖር ኖሮ ይተርፍ እንደነበር ሲነገረው የኅሊና ነፃነቱ ተጣሰ እንላለን፤ ሴቲቱ ግን ሰማዕት ካልሆነች አመለካከቷ በቂ ጥልቀት የለውም ተባለች።

ሌላም ዋጋ አለ፤ ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በካሲንጋ ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛትን ማሳደድ ነው ብሎ ለአንዲት የቶጎ ወጣት ጥገኝነት ሰጠ። በ2004 ደግሞ የስድስተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናትንና የልጇን አቤቱታ ተቀበለ፤ እናት የልጇን መገረዝ ለማየት መገደዷም ራሱ ለእርሷ ስደተኝነት በቂ ፍርሃት ነው አለ። ውሳኔው ትክክል ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶቻችን 65 በመቶው ተገርዘዋል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ተረት አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዲረታ ጠበቃው ምን መሣል እንዳለበት ተመልከቱ። አገሪቱ ጨለማ፣ ባህሉ ቢላዋ፣ እናቲቱ ምስኪን፣ የሚያድናት አገር ብርሃን። እነዚያው የኢትዮጵያ ሴቶች፣ የሴት ጠበቆቻችን ጭምር፣ ለዓመታት ተሟግተው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግርዛትን ወንጀል እንዲያደርግ ማብቃታቸው በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ የለውም። እንዲያውም ይጎዳል፤ «ሕግ ካላችሁ ለምን ሸሻችሁ?» ያሰኛልና። የራሷን ታጋይነት ደብቃ ሰለባነቷን ብቻ ካላሳየች የማትጠለል ሴት፣ ቻንድራ ሞሃንቲ ከጻፈችበት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ችግር ናት። መውጫው አስቸጋሪ ነው፤ ጠበቃ ደንበኛውን ለንድፈ ሐሳብ ንጽሕና ሲል ሊያስፈርድባት አይችልምና።

በአውሮፓ በኩል ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የአንድ አገር ሴቶች በጠቅላላው ማኅበራዊ ቡድን ሊሆኑ እንደሚችሉ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ለአፍጋኒስታን ሴቶች ጾታቸውንና ዜግነታቸውን ብቻ ማየት ሊበቃ እንደሚችል ገለጸ። በ1951 ኮሚሽነሩ የተጠራጠሩት ነገር ከ73 ዓመት በኋላ መልስ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ኢትዮጵያ 1 ሚሊዮን ገደማ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከሱዳንና ከኤርትራ ናቸው። እስካሁን ያነሣኋቸው ፍርዶች ሁሉ በአንድ ግምት ላይ ቆመዋል፤ አንዲት ሴት በአንድ ዳኛ ፊት ቀርባ ለብቻዋ ትሰማለች የሚል። ጋምቤላ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ኮንቬንሽን የውጭ ወረራንና የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያናጉ ሁኔታዎችን የሸሸውንም ስደተኛ ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ይህን ተቀብሏል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የባሮን ወንዝ ይዘው የገቡት ደቡብ ሱዳናውያን፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ በጅምላ ዕውቅና አገኙ። ይህ የአፍሪካ ሕግ ቸርነት ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ማንም ሴት ቁስሏን ገልጣ እንድታስረዳ አልተገደደችም። ሆኖም ያልተጠየቀች ሴት ያልተሰማች ሴትም ናት። ከጦርነቱ በተጨማሪ የምትፈራው ሰው አብሯት ድንበር ተሻግሮ ይሆናል፤ ያ ሰው ባሏ፣ የባሏ ወንድም፣ ወይም በከብት ልውውጥ የታጨችለት ሰው ሊሆን ይችላል። ጅምላው ዕውቅና ይህን አያይም።

ከዚያ ምዝገባው ይመጣል። መዝገቡ የሚከፈተው በቤተሰብ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ «ኃላፊ» አለው። ባል ካለ ባል ይሆናል። ሚስት ከስሙ ሥር ትሰፍራለች፤ የእህሉ ካርድም፣ በሌላ አገር የመስፈር ዕድል ቢመጣ ዶሴውም በእርሱ ስም ይሄዳል። ሰላም ያለበት ቤት ከሆነ ችግሩ አይታይም። ባል ሌላ ሚስት አግብቶ ካርዱን ይዞ ሲሄድ፣ ወይም ሚስት ዱላ በዝቶባት ወደ እናቷ መጠለያ ስትሻገር ግን ከባሏ ብቻ ሳይሆን ከዱቄቱም ተለያየች ማለት ነው። የጃዕፈርንና የኡሙ ሰለማን አቀማመጥ አደራ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። የዚያ ዘመን ችሎት ቃል አቀባይ ፈለገ፤ የዛሬው ጠረጴዛ ፊርማ ይፈልጋል።

ሕጉ ይህን አላጣውም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር እ.ኤ.አ. በ2001 ለስደተኛ ሴቶች ከገባቸው አምስት ቃል ኪዳኖች አንዱ እያንዳንዷ ሴት በግሏ እንድትመዘገብና የራሷ ሰነድ እንዲኖራት ነው። የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ በ2003 ጸድቆ አገራችን በ2018 ያጸደቀችው፣ በአንቀጽ 4 ሴቶች የስደተኝነት ደረጃ ለማግኘት ከወንዶች እኩል መብት እንዲኖራቸው፣ የራሳቸው መታወቂያና ሌላ ሰነድም እንዲሰጣቸው ያዝዛል። በሴቶች መብት ሰነዶች ውስጥ ስለ መታወቂያ ወረቀት እንዲህ በግልጽ የሚናገር ብዙ አታገኙም፤ አፍሪካዊት አርቃቂ የጻፈችው መሆኑ ያስታውቃል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአገራችን የስደተኛ ልጅ ልደት በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይሰፍራል። አባቱ በሌለበት ለተወለደ፣ ወይም አባቱን ለመጥራት እናቱ ለማትሻው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም የተለየ ካርድ ሁሉን ይፈታል ብዬ አላምንም፤ በዚህ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር እለያያለሁ። አንድ ታሪክ ላስታውስ። ኬንያ ውስጥ ዳዳብ ካምፕ ሴቶች ማገዶ ለቀማ ወደ ቁጥቋጦው ሲወጡ ይደፈሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ማገዶ እየተገዛ ይከፋፈል ተባለ። በኋላ የተደረገ ግምገማ እንዳሳየው፣ ማገዶው በሚታደልበት ወቅት በለቀማ ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀነሰ፤ በሌሎች ስፍራዎች የሚደርሰው ግን ጨመረ። አጥቂዎቹ እንጨቱን አልነበረም የሚፈልጉት። ካርድም እንደዚሁ ነው። አንዲት ሴት በራሷ ስም ካርድ ማውጣቷ በአንዳንድ ቤት እንደ ፍቺ አዋጅ ይቆጠራል፤ ካርዱን የሰጣት መሥሪያ ቤት ምሽት ላይ ከእርሷ ጋር ወደ መጠለያዋ አይገባም። ስለዚህ የተለየ ካርድ ለጠየቀች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ጠያቂዋን ለዱላ ያጋልጣል። ለሁሉም፣ ሳይጠየቅ፣ እንደ ደንብ ሲሰጥ ግን «እኔ አላልኩም፣ ሕጉ ነው» የምትልበት መከለያ ይሆናታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በእኔ ግምት ግን ከብዙ ሥልጠናና ከብዙ አውደ ጥናት ይበልጣል።

በአገር ውስጥ ስለ ተፈናቀሉ እህቶቻችን ሰፊ ንግግር ያስፈልጋል፤ ዛሬ አልደፍረውም። የካምፓላ ኮንቬንሽንን እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቀናል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በኖቬምበር 2021 ያወጡት የጋራ ሪፖርትም የትግራዩ ጦርነት ተዋጊ ወገኖች በሴቶች ላይ የፈጸሙትን ወሲባዊ ጥቃት መዝግቧል። ድንበር ስላልተሻገሩ ስደተኛ አይባሉም። ከላይ ስለ ካርድና ስለ ቤተሰብ ኃላፊ ያልኩት ግን በመጠለያ ጣቢያዎቻቸውም ተመሳሳይ ጥያቄ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ አስተርጓሚ ነው፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በውጭ አገር ለወገኖቻችን የምታስተረጉሙት እናንተ ናችሁና። «ደፈረኝ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በአማርኛ ናቀኝ፣ አቃለለኝ፣ ተዳፈረኝ ማለት ይሆናል፤ ደግሞም በግዳጅ ተገናኘኝ ማለት ይሆናል። የሕግ ሰው «አስገድዶ መድፈር» ይላል፤ ተጎጂዋ ግን እንዲህ አትናገርም። «አበላሸኝ»፣ «ክብሬን ነካ» ትላለች፤ አለዚያ ጭራሹን ዝም ብላ መሬት መሬት ታያለች። አስተርጓሚው «ሰደበኝ» ወይም «አዋረደኝ» በሚል ቃል ካለፈው፣ ከዓመት በኋላ በይግባኝ እውነቱ ሲገለጥ ዳኛው «የመጀመሪያ ቃልሽ ይህ አልነበረም» ይላል፤ ተአማኒነቷም በዚያው ያበቃል። «ጠለፋ»ም እንዲሁ ነው። ተርጓሚው «እገታ» ብሎ ከሰጠው ሰሚው ስለ ቤዛ ገንዘብ ማሰብ ይጀምራል፤ ጋብቻ የሚባል ነገር ከጉዳዩ ይጠፋል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባት ክሱ ይቀር እንደነበር የማያውቅ ዳኛም «ለምን ለፖሊስ አላመለከትሽም?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄው ምክንያታዊ ይመስለዋል። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጠለፈች ሴት ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ልትገኝ ትችላለች።

በሴቶች ላይ የሚደርስ አድልዎን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 32ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ ሴቶች ከቤተሰባቸው ተለይተው እንዲጠየቁ፣ ጠያቂዋም አስተርጓሚዋም ሴት እንዲሆኑ አሳስቧል። በተግባር ግን ከአንድ ከተማ ጥቂት የአማርኛ ተናጋሪዎች ውስጥ የሚገኘው አስተርጓሚ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የሚያውቃት ሰው ነው። ሴትም ብትሆን የባሏ ዘመድ ልትሆን ትችላለች። ከሩቅ በስልክ የምታስተረጉም የማታውቃት ሴት ትሻላለች ወይስ ፊት ለፊት የተቀመጠች የምታውቃት? ባለፈው ሴሚስተር ይህን በክፍል አንሥቼ ነበር፤ ወንዶቹ ተማሪዎች በአንድ ድምፅ ፊት ለፊት ይሻላል አሉ፤ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ስልኩን መረጡ። አንዷ ምክንያቷን ስትጠየቅ «በስልክ ፊቴን አታይም» አለች።

ጥያቄ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከኋላ የተቀመጣችሁት ሴት ተማሪዎች ቀድማችሁ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።